ላሊበላ በሌዘር ዓይን፤ ከጥገና በፊት ስለሚደረግ ምናባዊ ጉብኝት

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ በሀገራችን በቆየበት ጊዜ ላሊበላን ተመልክቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1540 በታተመው መጽሐፉ አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ ከገለጸ በኋላ፣ ከዚህ አብልጦ ቢጽፍ የሚያምነው እንደማያገኝ ሰግቶ፣ የጻፈው ሁሉ እውነት ለመሆኑ በእግዚአብሔር ስም ይምላል። ከዓለት ተፈልፍሎ ስለ ወጣ ሕንፃ ለመመስከር መሐላ ያስፈለገው አንባቢው በዓይኑ ሊያየው ስላልቻለ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች መሐላውን በልክ ተኩት፤ ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ በ1882፣ ጣሊያናዊው ሞንቲ ዴላ ኮርቴ በ1940 የሕንፃዎቹን ንድፍና ፎቶግራፍ አሳተሙ።

የዘመናችን ምስክር ደግሞ የሌዘር መሣሪያ ነው። በደቡብ አፍሪካ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ዛማኒ የተባለው ፕሮጀክት በፕሮፌሰር ሄንዝ ሩተር መሪነት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በዚህ መሣሪያ ለክቶ መዝግቧል። አሠራሩ ለማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። መሣሪያው በአንድ ስፍራ ቆሞ በዙሪያው ብርሃን ይረጫል፤ ብርሃኑ ከድንጋዩ ነጥሮ ሲመለስ ርቀቱን ያሰላል፤ እንዲህ እያለ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦችን ይሰበስባል። ከአንድ ስፍራ የማይታየው ጓዳና ማዕዘን ከሌላ ስፍራ ይለካል፤ ልኮቹ በኮምፒዩተር ተጋጥመው ባለ ሦስት አውታር ሥዕል ይሆናሉ። ተመልካቹ በሥዕሉ ውስጥ በቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ ከተቆፈረው ጉድጓድ ይወርዳል፤ በሩን አልፎ ይገባል፤ ከፈለገም፣ በእግሩ ሄዶ ፈጽሞ የማይችለውን፣ ዓለቱን እንደ ዳቦ ቆርጦ ከጣሪያው በላይና በታች ያለውን ውፍረት ይመለከታል። ምናባዊ ጉብኝት የምንለው ይህንን ነው።

ነገሩ የቱሪስት መዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ቦታ ባልያዘ ነበር። ትርጉሙ የሚገባን የላሊበላን የጥገና ታሪክ ስናስታውስ ነው፤ ታሪኩም ደስ የሚያሰኝ አይደለም። በ1950ዎቹ የዝናብ ውኃ እንዳይሰርግ ተብሎ የአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ በሬንጅ ተለበጠ፤ ግድግዳውም ቀይ ቀለም ተቀባ። ሥራው የተሠራው በበጎ አሳብ ነበር። ዳሩ ግን የእሳተ ገሞራው ድንጋይ እርጥበት የሚስብና የሚተፋ በመሆኑ ልባሱ እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ያዘው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳንድሮ አንጀሊኒ የተባለው ጣሊያናዊ አርክቴክት፣ ዛሬ የዓለም ቅርሶች ፈንድ ተብሎ በሚታወቀው ድርጅት ድጋፍ፣ አብዛኛውን ድካሙን ያዋለው ያንን ሬንጅና ቀለም በማስለቀቅ ላይ ነበር። ጥገናን ለመጠገን ማለት ነው! የቀድሞዎቹ ንድፎች ርዝመትና ስፋትን እንጂ የእያንዳንዱን ስንጥቅ አካሄድ አልያዙም፤ ስለዚህ ከልባሱ በፊት የነበረው ገጽ ምን ይመስል እንደነበር፣ ከልባሱም ጋር ምን ያህሉ ተልጦ እንደ ሄደ በልክ ለመናገር አያስችሉም።

ሁለተኛው ምሳሌ ቅርብ ነው። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት በላይ ከብረት የተሠራ መጠለያ ተተከለ። ለጊዜው የታሰበ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላም በቦታው ነበር። በ2018 የላሊበላ ሕዝብ ቅርሱ ከመጠለያው ክብደት እንዲድን በመጠየቅ አደባባይ ወጣ። በመጋቢት 2019 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ቦታውን ከጎበኙ ወዲህ ደግሞ ሌላ የጥገናና የጥናት ምዕራፍ ተከፍቷል።

በእኛ አስተያየት የምናባዊው ጉብኝት ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የታሰበው መጠለያ ወይም የታሰበው ጥገና፣ አንድ ብረት ሳይተከልና አንድ ድንጋይ ሳይነካ፣ በሥዕሉ ላይ ሊታይ ይችላል፤ ምሰሶው የት እንደሚያርፍ፣ ጥላው በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚወድቅ ካህናቱና የአገሩ ሰዎች አይተው አስተያየት ሊሰጡበት ይችላሉ። ከጥገናውም በኋላ እንደገና ሲለካ የፊተኛውና የኋለኛው ልክ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ስንጥቁ መስፋቱና አለመስፋቱ የባለሙያ ግምት መሆኑ ይቀራል። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጥገና የአካባቢው ሰዎች ሙያውን ሠልጥነው በሥራው ተካፍለዋል። ድንጋዩን በእጃቸው የዳሰሱት እነርሱ ሥዕሉንም ማንበብ ቢማሩ፣ እኛ በሩቅ ሆነን የማናየውን ያዩበታል።

መሣሪያው የማይደርስበትም አለ። ሌዘር ገጽን እንጂ ውስጥን አይለካም፤ ድንጋዩ በውስጡ የያዘውን እርጥበትና ጨው አያውቅም። ምእመን የማይገባበት መቅደስም አለ፤ ስለዚያ በመሣሪያው ባለቤት ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መወሰን አለበት እንላለን። በገና ዕለት በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲዘመር ግቢውን የሚሞላው ሕዝብ ደግሞ ለለኪው እንቅፋት ነው፤ ሰው ሲያልፍ ነጥቦቹ ይበላሻሉና። እንግዲህ በሥዕሉ ላይ የምናየው ላሊበላ ጸጥ ያለና ባዶ ነው።

የባለቤትነቱን ጥያቄ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1973 ጀምሮ የብራና መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም ሲነሡ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደርጓል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በስደት ሆነው እነዚያን ታላላቅ ካታሎጎች ያዘጋጁት ከዚያ ፊልም ነው። ፊልሙን ለማንበብ ግን ብርሃንና ማጉያ መስተዋት ይበቃል፤ የኮምፒዩተሩ መዝገብ በየጊዜው ወደ አዲስ ቅርጽ ካልተገለበጠ በሃያ ዓመት ውስጥ የሚከፍተው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቅጂው ከነሙሉ ልኩ፣ ከሚከፍተው መሣሪያና ከሠለጠነ ሰው ጋር፣ በአዲስ አበባም በራሷ በላሊበላም መኖር ይገባዋል።

በነሐሴ 2021 ከተማዋ በጦርነቱ እጅ ስትለወጥ በውጭ ያለን ብዙዎች እነዚህን ሥዕሎች ከፍተን ተመለከትን። ቤተ ጊዮርጊስ በሥዕሉ ላይ እንደ ወትሮው ቆሞ ነበር። የተለካው ግን ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ በዚያ ዕለት ስለ ነበረበት ሁኔታ ሊነግረን አልቻለም፤ እኛም ወሬ ለመጠየቅ ወደ ስልክ ተመለስን።