የቆላው ንዳድና ሄፓሪን

እህ በሉና ስሙኝ! ከየጁቤ ደጋ ተነስታችሁ ቁልቁል ብትወርዱ፣ የባሶ ሊበን ወረዳ የሚያልቀው ዓባይ ላይ ነው። እየወረዳችሁ ስትሄዱ ነፋሱ ይሞቃል፤ ታች ደግሞ ወባ አለ። ደገኛው ለሥራ ቆላ ወርዶ ሲመለስ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ጋቢ ቢደርብም ይንቀጠቀጣል። የጸናበት ይቃዣል፣ እናቱንም መለየት ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 ይኸው በሽታ ደጋ ድረስ ወጥቶ በአገራችን 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ፣ 150 ሺህ ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል።

ለመሆኑ ሰውየውን ምን ነካው? ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የገባበት ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ጨጎጊት ተጣባቂ ይሆናል። ጤነኞቹን ሕዋሳት በዙሪያው ይሰበስባል፤ ከደም ሥሩ ጋርም ይጣበቃል። የአንጎል ቀጫጭን ደም ሥሮች ይታፈናሉ።

አሁን ሄፓሪን መጣላችሁ። ደም እንዳይረጋ የሚወጋው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ጄይ ማክሊን የተባለ የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ተማሪ ደም የሚያረጋ ነገር ሲፈልግ፣ ከውሻ ጉበት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን አገኘ፤ ዛሬ በብዛት የሚወጣው ከአሳማ አንጀት ነው። ሌላም ሙያ አለው፦ የተሰበሰቡትን ሕዋሳት ይበትናል፤ ተውሳኩም አዲስ ሕዋስ እንዳይገባ ያግደዋል።

ታዲያ ለወባ በሽተኛ ለምን አይሰጥም? ተሰጥቶ ነበር እኮ! ግን በሽተኞቹ ደም ፈሰሳቸው፤ ሐኪሞችም ተዉት።

ወባ ለጸናበት ዛሬ የሚወጋው አርቴሱኔት ነው፤ የቃዠ ልጅ ያላችሁ በሌሊትም ቢሆን በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አድርሱት፣ አታሳድሩት። አርቴሱኔት ተውሳኩን ይገድላል፤ የተጣበቁት ሕዋሳት ግን ወዲያው አይላቀቁም። ብዙ ሰው የሚሞተውም በእነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታት ነው።

የስዊድን ተመራማሪዎችን ያስጨነቃቸው ይኸው ነበር። ሄፓሪንን ወስደው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ኃይሉን በእጅጉ አዳከሙለት፤ የመበተን ሙያውን አስቀሩለት። ስሙንም ሰቩፓሪን አሉት። ታይላንድ ውስጥ ወባ በያዛቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ ደም ሥር ላይ ይጣበቁ የነበሩት ሕዋሳት ለጊዜው ተላቀው በደም ውስጥ ሲዘዋወሩ ታዩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። ያ ሙከራ የተደረገው ሕመሙ ባልጸናባቸው ላይ ነው፤ እኔ አጥብቄ የምጠብቀው እናቱን መለየት ላቃተው ሲደርስለት ነው።