ባቡሩ ከሄደ በኋላ፦ የለገሃርና የአቃቂ የሐዲድ መደብ እንደ ብስክሌት መንገድ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለታሪክ መድረክ እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ ጉዳዩ የብስክሌት መንገድ ነውና። ይሁን እንጂ የምናገረው ስለ ስፖርት አይደለም። አንድ የባቡር መስመር ሥራውን ሲያቆም ከእርሱ ምን ይቀራል ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነው። ለማነጻጸር እንዲመች ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ከፈረንሳይ ልጀምር፤ የእኛም ባቡር ትውልዱ ከዚያው ነውና። በ1879 የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር በነበሩት በሻርል ደ ፍሬሲኔ ስም የሚታወቀው ዕቅድ ሕግ ሆኖ ባቡርን እስከ ትናንሽ የገጠር ከተሞች ለማድረስ ታስቦ ነበር። በሃያኛው መቶ ዘመን አውቶቡስና የጭነት መኪና ሲበረቱ ከእነዚያ የገጠር መስመሮች ብዙዎቹ ተዘጉ። ሐዲዱ ተነቀለ፤ መደቡ ግን ቀረ። መደብ ስል ኮረብታው ተቆርጦ፣ ሸለቆው ተሞልቶ፣ ሐዲድ እንዲሸከም የተደለደለውን ረጅምና ቀጭን መሬት ማለቴ ነው። በ1997 በቡርጎኝ ከዥቭሪ እስከ ክሉኒ 44 ኪሎ ሜትር የሚሆን የተተወ መደብ ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈተ፤ ፈረንሳዮች «ቯ ቬርት»፣ አረንጓዴ መንገድ፣ ለሚሉት ዓይነት ፈር ቀዳጁ እርሱ ነው። ያ አስፋልት የለበሰ ነበር። ከእርሱ በኋላ ከተከፈቱት ብዙዎቹ ግን፣ በደቡብ ከማዛሜ እስከ ቤዳርዮ የሚዘልቀውን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ጨምሮ፣ የተጠቀጠቀ ደቃቅ ጠጠር ለብሰዋል። በ2004 ደግሞ አረንጓዴ መንገድ ሞተር ለሌለው ተሽከርካሪ፣ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ብቻ የተከለለ መሆኑ በትራፊክ ደንባቸው ውስጥ ተጻፈ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከጠጠሩ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ስሙ በሕግ ያልተጻፈ መንገድ ውሎ አድሮ የመኪና ማቆሚያ ይሆናልና።

ወደ ራሳችን እንመለስ። አልፍሬድ ኢልግ ከዳግማዊ ምኒልክ የባቡር ፈቃድ ያገኘው በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፤ ኃያላኑ መንግሥታት በመስመሩ ላይ ተወዛገቡ፤ ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ዛሬ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1929 ነው። (ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፤ ትርጉሙም ጣቢያው ማለት ነው። ስለዚህ «ለገሃር ጣቢያ» ስንል አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እየጠራን ነው።) በ1981 መስመሩ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ንብረት በሆነ ድርጅት ሥር ገባ፤ በሁለት ሺዎቹ የመጀመሪያ ዐሥር ዓመት መጨረሻ ገደማ ባቡሩ ወደ አዲስ አበባ መምጣቱን አቆመ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ሰፊ ሐዲድ ያለው፣ በራሱ መንገድ የሚሄድ ነው፤ ስለዚህ አሮጌው መደብ ያለ ሥራ ቀረ።

አሮጌው መደብ ከለገሃር ተነሥቶ በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ወደ አቃቂ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ዱከምና ወደ ቢሾፍቱ ያልፋል። የታሪክ ተማሪ ልብ ሊለው የሚገባው አንድ የምሕንድስና እውነት እዚህ ላይ አለ። የብረት መንኰራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም። በመቶ ሜትር ርቀት ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ከፍታ መጨመር ለባቡር ከባድ ነው፤ ለብስክሌት ግን እጅግ ገር ነው። «አዲስ አበባ ዳገት ናት፤ ለብስክሌት አትሆንም» የሚለውን ክርክር ሁላችንም ሰምተናል። ክርክሩ ከእንጦጦ በታች ላለው ሰሜናዊ ክፍል እውነት አለው። ከአቃቂ እስከ ለገሃር ላለው መንገድ ግን መሐንዲሶቹ ከመቶ ዓመት በፊት መልስ ሰጥተዋል፤ መልሱም በመሬት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ብስክሌትም ለእኛ እንግዳ አይደለም። አገራችን በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልበርን ኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች። በ2016 የመቐለው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ያነሰን ጋላቢ ሳይሆን መንገድ ነው።

አሁን የምንገኝበትን የከተማዋን ምሥራቅ እንመልከት። ቦሌ የባቡር ልጅ አይደለችም፤ የአውሮፕላንና የመኪና ልጅ ናት። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጄት አውሮፕላኖችን ለመቀበል ሲሠራ ሰፊው የቦሌ መንገድ የከተማዋ የክብር መግቢያ ሆነ። መገናኛ፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚት፣ አያት ከአስፋልት ጋር አደጉ። በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ወደ አያት ሲዘረጋ በመንገዱ መካከል በአጥር ተከለለ፤ እግረኛው ማዶ ለመሻገር ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፤ ከሐዲዱ ጎን ለብስክሌት የተተወ ስንዝር አልነበረም። ከተማዋ ሐዲድ ስትዘረጋ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ማሰብ የምትችልበት ጊዜ ያ ነበር፤ አለፈ።

ከዚያ በኋላ የመጣ ለውጥ አለ፤ መካድ አይገባም። በ2018 መጨረሻ «መንገድ ለሰው» በሚል ጎዳናዎች ለተወሰነ ሰዓት ከመኪና ነጻ መሆን ጀመሩ። ትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር ስለሌለው ትራንስፖርት ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ ስትራቴጂ አወጣ። በ2024 በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ጎን የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ይሁን እንጂ ከመኪና ጎን የተቀባ መስመር ሌላ፣ ከመኪና የራቀ መንገድ ሌላ ነው። ልጇን በብስክሌት ትምህርት ቤት ልትልክ የምታስብ እናት ልዩነቱን ያለ አስተማሪ ታውቀዋለች።

ሐሳቤን በግልጽ ላስቀምጥ። ከለገሃር እስከ አቃቂ ያለው መደብ ሳይቆራረጥ በሕዝብ ይዞታነት ተመዝግቦ የእግርና የብስክሌት መንገድ ቢሆን ምሥራቁም ከእርሱ ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ በቦሌ በኩል የሚያልፉት ወንዞች ቁልቁል የሚወርዱት ወደ አቃቂ ነውና። በ2019 ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ያለመ ነበር። ወንዙና መደቡ የሚቀራረቡት አቃቂ ላይ ነው።

ጠጠሩም የራሱ ጣጣ አለው። በሐዲድ ሥር ያለው ትልልቅ ድንጋይ ለጎማ አይሆንም፤ መነሣት ወይም መሸፈን አለበት። የቦሌና የአቃቂ ሜዳ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በላዩ የተነጠፈውንም ይዞ ይሄዳል። የባቡሩ መደብ ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል፤ ከሜዳው ከፍ ብሎ ተሞልቷል፣ የውኃ መውረጃም ተበጅቶለታል። በላዩ ገረጋንቲ ተጠቅጥቆ ደቃቅ ጠጠር ቢለብስ ከአስፋልት ባነሰ ወጪ ይሠራል። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ መጠገን ግን ግድ ነው።

ሁለት መሰናክሎች አሉ። አንደኛው የባለቤትነት ጥያቄ ነው፤ ንብረቱ የሁለት አገሮች ነበርና። ይሁንና በ1995ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ መደቡን ከግለሰብ የመግዛት ዕዳ የለብንም። ሁለተኛው ይከብዳል። መደቡ በአንዳንድ ስፍራ በአስፋልት ተውጧል፤ በሌላው ሰዎች ቤት ሠርተው ልጆች አሳድገውበታል። ለብስክሌት መንገድ ሲባል ቤተሰብ ይፈናቀል አልልም፤ እንዲህ ባለ ስፍራ መንገዱ ዞሮ ይለፍ። መሽቀዳደም ያለብን ገና ክፍት የሆነው ክፍል ሳይያዝ ነው። በ2018 ይፋ የሆነው የለገሃር ፕሮጀክት 36 ሄክታር ይሸፍናል፤ የመስመሩ ራስ ያለው እዚያ ነው። ስለ ጣቢያው ሕንፃ ብዙ ተነጋግረናል፤ ስለ መደቡ ግን ሲነገር አልሰማሁም። ሕንፃ ብቻውን ቢቀር ባቡር የት ይሄድ እንደነበር አያሳይም።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ሥራ ይህ ነው፦ ከለገሃር እስከ አቃቂ በእግር ሂዱ፤ የትኛው ክፍል ክፍት፣ የትኛው የተዘጋ እንደሆነ በካርታ ላይ አስፍሩ፤ ድልድዮቹንና የውኃ መውረጃዎቹን ፎቶግራፍ አንሡ፤ በመስመሩ ላይ የሠሩ አረጋውያንን ጠይቁ። ለሁለት ሴሚስተር የሚበቃ ሥራ ነው። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።