የጓሳ ተራራና የመንዝ ሕዝብ

የጓሳ ተራራ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የሚገኝ ሰንሰለታማ አካባቢ ነው። በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ የተዘረጋው ይኸው ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 200 እስከ 3 ሺህ 700 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ሲኖረው፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የወረዳው ዋና ከተማ መሐል ሜዳ ነው።

ተራራው ሁለት ተፋሰሶችን ይለያል። በምዕራብ የሚወርደው ውሃ በጀማ ወንዝ በኩል ወደ አባይ ሲፈስ፣ በምሥራቅ ገደሉን ተከትሎ የሚወርደው ወደ አዋሽ ያመራል።

በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ገብስ በማምረትና በግ በማርባት ይተዳደራል። ከበጉ ፀጉር ባና ይሠራል። ተራራው መጠሪያውን ያገኘበት የጓሳ ሣር ደግሞ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ከዝናብ ለሚከላከለው ገሳ መሥሪያ ያገለግላል። በድርቅ ወቅትም ለከብቶች መኖ ነው።

ይህን ሀብት ለመጠበቅ የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተሰኘ ሥርዓት ይተዳደሩ እንደነበር ይነገራል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች በየድርሻቸው አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል ኃላፊ ይመርጡ ነበር። ሣሩ በሚገባ እስኪያድግ ድረስ ተራራው አንዳንዴ ለተከታታይ ዓመታት ከአጨዳና ከግጦሽ ይከለከላል። ደንቡን የተላለፈም ይቀጣል።

ይሁን እንጂ በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፣ በዘር ሐረግ ላይ የተመሠረተው ሥርዓት ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። ግጦሹና አጨዳው በረታ፤ የተወሰነው የተራራው ክፍልም ታረሰ። ነዋሪዎቹ ግን ጥበቃውን ፈጽሞ አልተዉትም። በኋላ ከየቀበሌው የተውጣጡ ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቁሞ በመተዳደሪያ ደንብ መሥራት ጀመረ። አካባቢው በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ ለመሆን የበቃውም በዚህ መንገድ ነው።

የሣሩ መጠበቅ ለዱር አራዊቱም ሕልውና ነው። በሣሩ ውስጥ የሚኖሩት አይጦች ቀይ ቀበሮን ይመግባሉ። በመላው ዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 የማይበልጡ ሲሆን፣ የሚኖሩትም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮም በጓሳ በብዛት ይታያል፤ ጅብራና አስታም ይበቅላሉ።

የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር የእርሻና የግጦሽ ፍላጎት በተራራው ላይ ጫና ማሳደሩ አይቀርም። የጓሳ ታሪክ እንደሚያሳየው ተራራው ተጠብቆ የቆየው ሰው ስላልደረሰበት ሳይሆን፣ ተጠቃሚው ራሱ መቼና ምን ያህል እንደሚጠቀም ወስኖ በመገኘቱ ነው።