በማህፀን በር ካንሰር ዕጢ ውስጥ ያሉ የመከላከያ ህዋሳት፦ ከብዛት ባሻገር

ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን የማህፀን በር ካንሰር መንስኤ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤችፒቪ) መሆኑን በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ቫይረሱ ከሚይዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ ግን በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ያለ ሕክምና ይነጻሉ። ካንሰሩ በሚነሳባቸው ጥቂቶች ዘንድ ኢ6 እና ኢ7 የተባሉት የቫይረሱ ፕሮቲኖች የህዋስን ዕድገት የሚገቱትን ፒ53 እና አርቢን ያሰናክላሉ። ኢ6 እና ኢ7 ለሰውነት ባዕድ ናቸውና የመከላከያ ህዋሳት ሊስቷቸው ባልተገባ ነበር። ሆኖም ዕጢው በእነዚሁ ህዋሳት እንደተከበበ ያድጋል። እኔ እንደማየው ይህ የሚሆነው የህዋሳቱ ብዛት ብቻውን የበሽታውን አካሄድ ስለማይወስን ነው፤ ይበልጥ የሚወስነው ዓይነታቸው፣ የሰፈሩበት ቦታና ያሉበት ሁኔታ ነው።

በተለመደው የሄማቶክሲሊንና የኢዮሲን ቀለም የተዘጋጀ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ የካንሰሩ ህዋሳት ሮዝማ ጎጆ ሠርተው ይታያሉ፤ ሊምፎሳይት የተባሉት የመከላከያ ህዋሳት ደግሞ ድቅቅ ያሉ ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣቦች ናቸው። ብዙ ጊዜ ነጠብጣቦቹ የሚታጨቁት ጎጆዎቹን በከበበው ተያያዥ ህብረ ህዋስ ውስጥ ነው፤ ወደ ጎጆው የሚዘልቁት ጥቂቶች ናቸው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕጢያቸው ትልቅ ቢሆንም ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ በነበሩ ሕሙማን፣ ጎጆው ውስጥ የገቡት ገዳይ ቲ ህዋሳት (ሲዲ8) መብዛት ካንሰሩ ወደ ንፍፊት ካለመዛመቱ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። የገዳዮቹ ብዛት ፎክስፒ3 በሚባለው ፕሮቲን ከሚታወቁት ተቆጣጣሪ ቲ ህዋሳት ጋር ያለው ምጣኔም እንዲሁ ትርጉም ነበረው። ተቆጣጣሪዎቹ በጤናማ አካል ውስጥ የመከላከያው ኃይል ሰውነትን ራሱን እንዳያጠቃ ይገታሉ፤ ዕጢ ውስጥ ሲበዙ ግን ገዳዮቹን ያደነዝዛሉ። ዕጢው ራሱ የሚያመነጫቸው እንደ ኢንተርሉኪን-6 ያሉ ንጥረ ነገሮችም ማክሮፌጅ የተባሉትን ሌሎች የመከላከያ ህዋሳት ከአጥቂነት ወደ ዕጢ አጋዥነት ሊያዞሩ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ዝምድና እንጂ ምክንያት አይደለም፤ ምናልባት ያልተስፋፋ ዕጢ በባሕርዩ ገዳይ ህዋሳትን በቀላሉ ያስገባ ይሆናል ተብሎ ሊነሳ የሚችለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ናሙና በመቁጠር ብቻም አይመለስም። የተሻለ ማስረጃ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ2015 ከታተመ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሙከራ ነው። ካንሰሩ የተዛመተባቸው 9 ሕሙማን ከገዛ ዕጢያቸው የተወሰዱ ቲ ህዋሳት በቤተ ሙከራ ከተባዙ በኋላ ተመለሱላቸው፤ በሦስቱ ዕጢው ቀነሰ፣ ከሦስቱ በሁለቱ ደግሞ ፈጽሞ ጠፋ። ሕሙማኑ ኬሞቴራፒና ኢንተርሉኪን-2 ስለተሰጣቸው ውጤቱን ሁሉ ለህዋሳቱ መስጠት አይቻልም፤ 9 ሰውም ትንሽ ቁጥር ነው። ቢሆንም ዕጢው ውስጥ ሳሉ ዕድገቱን ማቆም ያልቻሉት ህዋሳት ወጥተው ሲመለሱ አቅማቸው ታየ፤ አስቀድሞ የጎደላቸው አቅም ሳይሆን አመቺ ሁኔታ ነበር ለማለት ያስደፍራል። ይበልጥ ያስገረመው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ክትትል ነው፤ ዕጢያቸው ፈጽሞ በጠፋላቸው ሁለቱ ሕሙማን ውስጥ የቲ ህዋሳቱ ዋና ዒላማ የቫይረሱ ፕሮቲኖች ሳይሆኑ ካንሰሩ በሚውቴሽን ያፈራቸውና ሌሎች የካንሰሩ ምልክቶች ነበሩ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኤችአይቪ ይመጣል። ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ ያለ ሴቶች ለዚህ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎች 6 እጥፍ ያህል ነው፤ ታዲያ ብዛት ወሳኝ አይደለም እንዴት ይባላል? መልሱ በወቅቱ ላይ ነው። ኤችፒቪ ገና ሲገባ ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው የሲዲ4 ህዋሳት መመናመን በሩን ክፍት ይተዋል፤ እዚህ ላይ ብዛት በእርግጥ ወሳኝ ነው። ዕጢው ከተመሠረተ በኋላ ግን ጨዋታው ይለወጣል። ገዳዮቹ የሚለቁት ኢንተርፌሮን ጋማ የዕጢ ህዋሳት ፒዲ-ኤል1 የተባለውን ማፈኛ እንዲያወጡ ያደርጋል፤ ጥቃቱ ራሱ ማቆሚያውን ይጠራል። ፔምብሮሊዙማብ የተባለው መድኃኒት የሚሠራው ይህን ማፈኛ በመቃወም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነው ኪኖት-826 ሙከራም ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ የሕሙማንን ዕድሜ ማራዘሙ ታይቷል። ዕጢው ውስጥ አስቀድሞ ቲ ህዋስ ከሌለ መድኃኒቱ የሚፈታው እስረኛ የለም።

ወደ ማይክሮስኮፑ ስንመለስ፣ ፎክስፒ3 እና ሲዲ8ን ለመለየት ልዩ ፀረ-አካላትና ተጨማሪ ወጪ ያስፈልጋል። ሊምፎሳይቶቹ በጎጆው ውስጥ መሆናቸውን ወይም ዙሪያውን ብቻ መክበባቸውን ግን ተራው ቀለም ያሳያል፤ ስለዚህ ፓቶሎጂስቱ «ሊምፎሳይት በዝቷል» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ የት እንደሰፈረ ቢጽፍ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ለሐኪሙ የበለጠ ይነግረዋል።