የእንግሊዝኛ መለኪያ ቃላት አጻጻፍ ልዩነት

የእንግሊዝኛ መለኪያ ቃላት አጻጻፍ ልዩነት የሚባለው እንደ ሜትር፣ ሊትርና ቶን ያሉ ቃላት በብሪታንያና በአሜሪካ እንግሊዝኛ በተለያየ ፊደል መጻፋቸው ነው። አብዛኛው ልዩነት የፊደል ብቻ ስለሆነ የሚለካው መጠን አይለወጥም። ቶንና ጋሎን ግን መጠናቸውም ስለሚለያይ ወደ አማርኛ ሲተረጎሙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ሜትርና ሊትር

ሜትር በብሪታንያ «ኤም፣ ኢ፣ ቲ፣ አር፣ ኢ» ተብሎ ይጻፋል። በአሜሪካ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ቦታ ተለዋውጠው «ኤም፣ ኢ፣ ቲ፣ ኢ፣ አር» ይሆናል። ሊትር፣ ኪሎ ሜትርና ሚሊ ሊትርም በዚሁ ደንብ ይጻፋሉ። የብሪታንያው አጻጻፍ የሜትሪክ ሥርዓት መነሻ የሆነውን የፈረንሳይኛን ቃል ይከተላል። የአሜሪካው አጻጻፍ በተለይ የኖኅ ዌብስተር መዝገበ ቃላት (እ.ኤ.አ. 1828) ካስፋፋቸው ለውጦች ጋር የተያያዘ ነው። ካናዳና አውስትራልያ የብሪታንያውን ይከተላሉ።

ብሪታንያ ውስጥ ይህ አጻጻፍ ለርዝመት መለኪያው እንጂ ለመለኪያ መሣሪያ አይደለም። ለመለኪያ መሣሪያ፣ ለምሳሌ ለቴርሞሜትር፣ የብሪታንያ ጸሐፊዎችም በ«ኢ፣ አር» የሚያልቀውን ይጠቀማሉ። በአማርኛ የመብራትና የውኃ መለኪያ መሣሪያ «ቆጣሪ» ይባላል። የልብስ ሰፊ መለኪያ ግን «ሜትር» ነው፤ የአዲስ አበባው «ሜትር ታክሲ»ም ስሙን ያገኘው ሂሳብ ከሚቆጥረው መሣሪያ ነው።

ግራም

በቆየ የብሪታንያ አጻጻፍ ግራምና ኪሎ ግራም መጨረሻቸው ላይ ተጨማሪ «ኤም» እና «ኢ» ነበራቸው። ዛሬ አጭሩ አጻጻፍ በሁለቱም አገሮች የተለመደ ነው።

ቶንና ጋሎን

* ሜትሪክ ቶን፦ 1,000 ኪሎ ግራም ወይም 10 ኩንታል። በብሪታንያ በ«ኤን፣ ኤን፣ ኢ» ያልቃል፤ በአሜሪካ «ሜትሪክ ቶን» ይባላል።
* የአሜሪካ (አጭር) ቶን፦ 2,000 ፓውንድ፣ 907 ኪሎ ግራም ገደማ።
* የብሪታንያ (ረጅም) ቶን፦ 2,240 ፓውንድ፣ 1,016 ኪሎ ግራም ገደማ።
* ጋሎን፦ የአሜሪካው 3.785 ሊትር፣ የብሪታንያው 4.546 ሊትር ገደማ።

አማርኛ ሦስቱንም «ቶን» ስለሚላቸው ልዩነቱ በቀላሉ ይጠፋል። 100 የአሜሪካ ቶን ስንዴ 907 ኩንታል ገደማ ነው። ተርጓሚው እንደ ሜትሪክ ቶን ቆጥሮ 1,000 ኩንታል ቢል 93 ኩንታል የሌለ እህል ይጨምራል።

በአማርኛ

ፊደል ድምፅን ስለሚከተል ሜትርና ሊትር በአማርኛ አንድ አጻጻፍ ብቻ አላቸው። «ሳንቲ ሜትር» እና «ሴንቲ ሜትር» ግን ሁለቱም ይጻፋሉ፤ የመጀመሪያው ለፈረንሳይኛው፣ ሁለተኛው ለእንግሊዝኛው አነጋገር ይቀርባል። ስለዚህ ምኅጻሩም «ሳ.ሜ.» ወይም «ሴ.ሜ.» ይሆናል።

በኮምፒውተር

ለኮምፒውተር ሁለቱ አጻጻፎች ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የሠንጠረዥ ዓምድ በአንዱ ተሰይሞ ፕሮግራሙ በሌላው ቢጠይቅ መረጃው አይገኝም። ወደ አሜሪካ እንግሊዝኛ የተስተካከለ የፊደል ማረሚያም ትክክለኛውን የብሪታንያ አጻጻፍ እንደ ስሕተት ያሰምርበታል። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጠቀም ይመከራል። የሜትርና የኪሎ ግራም ዓለም አቀፍ ምልክቶች ግን በሁለቱም አገሮች አንድ ናቸው። የሊትር ምልክት የሆነው ትንሹ «ኤል» ከቁጥር 1 ጋር ስለሚመሳሰል፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ትልቁም እንዲያገለግል ተፈቅዷል።