ልጁ አመነ፣ ደሙ ግን ካደ

በእንግሊዝ ሌስተርሻየር የሚገኙት ናርቦሮና ኤንደርቢ የተባሉ ጎረቤታም መንደሮች በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሐዘን ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1983 አንዲት የ15 ዓመት ልጅ፣ በጁላይ 1986 ደግሞ ሌላ እኩያዋ ተደፍረው፣ ታንቀው ተገደሉ።

ከሁለተኛው ግድያ በኋላ አንድ የ17 ዓመት የወጥ ቤት ሠራተኛ ተያዘ። አንዴ እያመነ፣ አንዴ እየካደ ቆይቶ ሁለተኛዋን መግደሉን አመነ፤ የፊተኛዋን ግን አልነካሁም አለ። ተጠርጣሪ ካመነ ወዲያ ለፖሊስ ምን ቀረው? የእምነት ቃል ለዘመናት ከማስረጃ ሁሉ በላይ ሲታመን ኖሯል። መርማሪዎቹን ያስቸገራቸው ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው ነው ብለው ማመናቸው ብቻ ነበር።

በአቅራቢያው ባለው የሌስተር ዩኒቨርሲቲ የዘረመል ተመራማሪው አሌክ ጄፍሪስ አንዱን ሰው ከሌላው በዲኤንኤ የሚለይበትን ዘዴ በሴፕቴምበር 1984 አግኝቶ ነበር። ሲመራመር ወንጀል በሐሳቡም አልነበረም። ዘዴው መጀመሪያ የጠቀመው ከጋና ለተመለሰ አንድ ልጅ ነው፤ የእናቱ ልጅ መሆኑ ተረጋግጦለት እንግሊዝ አገር ከቤተሰቡ ጋር ቀረ።

ፖሊስ የግድያዎቹን ናሙና ላከለት። ከሁለቱም አስከሬን የተገኘው የዘር ፈሳሽ የአንድ ሰው ሆነ፤ ያ ሰው ግን የታሰረው ልጅ አልነበረም። ጄፍሪስ ራሱ ውጤቱን ለማመን ተቸግሮ ምርመራውን ደገመው። የመንግሥት ፎረንሲክ ባለሙያዎችም ያንኑ አገኙ። ልጁ በኖቬምበር 1986 ተፈታ። አዲሱ ሳይንስ ነፍሰ ገዳይ ከመያዙ በፊት ንጹሕ ሰው ማስፈታቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ባይኖር ኖሮ ልጁ በገዛ ቃሉ መታሰሩ አይቀርም ነበር።

በ1987 መጀመሪያ 5,000 ያህል የአካባቢው ወንዶች በፈቃዳቸው ደምና ምራቅ እንዲሰጡ ተጠየቁ። ለወራት ቢመረመርም ገዳዩ አልተገኘም። ኮሊን ፒችፎርክ የተባለ ዳቦ ጋጋሪ ፎቶው የተቀየረ ፓስፖርት አስይዞ የሥራ ባልደረባውን ልኮ፣ በእርሱ ስም ደም አሰጥቶ ነበር። ይህን ደግሞ ያጋለጠው ቤተ ሙከራ አይደለም፤ ባልደረባው መጠጥ ቤት ውስጥ ሲያወራ የሰማች ሴት ናት። ፒችፎርክ በሴፕቴምበር ተያዘ፤ ደሙም ከናሙናው ጋር ገጠመ። በጃንዋሪ 1988 ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

እንግሊዝ በ1995 ብሔራዊ የዲኤንኤ መዝገብ አቋቋመች። የናርቦሮ ሰዎች ደማቸውን የሰጡት ፈቅደው ነበር። በኋላ ግን ፖሊስ ያልተፈረደባቸውን ሰዎች ናሙና ጭምር ያለ ጊዜ ገደብ ማስቀመጥ ጀመረ። በ2008 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ይህ የግል ሕይወት መብትን ይጥሳል ሲል ወሰነ። አቤት ካሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ፖሊስ ሲይዘው የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከቀረበበት ክስም ነጻ ወጥቷል።