አውሮፕላን ከመንቀሳቀሱ በፊት ፓይለቱ የሚቀበለው ፈቃድ ምንድን ነው?

እኛ ተሳፋሪዎች ሻንጣ እየደረደርን፣ ቀበቶ እያሰርን ሳለ ፓይለቶቹ ከተቆጣጣሪው የበረራ ፈቃድ እየተቀበሉ ነው። ደመና ውስጥም ቢሆን በመሣሪያ እየተመራ የሚበር አውሮፕላን ትልልቅ ኤርፖርቶች ላይ ብዙውን ጊዜ ይህን ሳይዝ ከቆመበት አይነቃነቅም።

ፈቃዱ ምን ይላል? እስከ የት እንደሚበሩ፣ በየትኛው መስመር፣ መጀመሪያ እስከ ስንት ከፍታ እንደሚወጡ፣ ከተነሱ በኋላ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሚያወሩ፤ በመጨረሻም ራዳር ላይ የሚለዩበት ባለ 4 አሃዝ ኮድ። (8 እና 9 ኮዱ ውስጥ በጭራሽ አይገቡም።) በሬዲዮ ከሆነ ፓይለቱ ጽፎ መልሶ ያነባል፣ ተቆጣጣሪው ያመሳክራል። አሁን አሁን ብዙ ቦታ በጽሑፍ ስክሪን ላይ ይመጣል።

ልብ በሉ፣ ይህ «ተነሱ» ማለት አይደለም! እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በስፔን ቴነሪፍ ደሴት የኬኤልኤም ፓይለቶች ይህን ፈቃድ የተቀበሉት ማኮብኮቢያው ላይ ለመነሳት ተዘጋጅተው ቆመው ነበር። ጭጋግ ነው። ካፒቴኑ የመነሳት ፈቃድ ሳይሰጠው መንደርደር ጀመረ፤ የፓን አም አውሮፕላን ደግሞ ገና ከማኮብኮቢያው አልወጣም። 583 ሰው አለቀ።

ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ «ቴክኦፍ» የሚባለው የመነሳት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት «ዲፓርቸር» ነው የሚባለው።